ጉም ውስጥ የገባ ጎል

ዓርብ፣ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ። ወደ ስድስት ሰዓት ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወጣ፣ መንገዱን ሸፈነ፣ ተመለሰ። ሰሞኑን እንዲህ ነው የሚውለው።

ሥራ የለም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት በር አካባቢ አስጎብኚዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ወሬው ሁሉ ስለ ነገ፣ ስለ ደባርቅና ዳባት ትምህርት ቤቶች ጨዋታ። ካምፖቹ፣ ሳንቃበርም ጨነቅም፣ አልተነሱም። ፈረንጅ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ከጠፋ ቆየ። በቅሎዎቹ እህል ይጭናሉ።

ሻይ ቤት ሙግት። ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሳይገናኙ ስንት ጊዜ አለፈ። የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ያኔ ገና ለቡድን አልደረሱም ነበር። ደጋፊው ግን ምንም አልረሳም። ያኔ ዳባት ላይ የተሻረችብን ጎል፣ ያኔ የወጣብን ቀይ ካርድ፣ ያኔ የነበረው ዳኛ የማን ዘመድ እንደሆነ።

«ዳባት የሚበልጠን በሩጫ ነው» አለ የባጃጅ ሹፌሩ። ፀጉር አስተካካዩ አልተቀበለውም። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ዳባት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ሳንባ የእኛ ነው ባይ ነው። ልዩነቱ ያን ያህል አይመስለኝም። ከፍታው የሚያስቸግረው ከቆላ የመጣን ነው። ዘጠኝ ቁጥራችን መጀመሪያ ሰሞን ግማሽ ሜዳ ሮጦ ጉልበቱን ይዞ ይቆም ነበር። አሁን ማን ይደርስበታል።

ባለቤቴን «ነገ ከማን ጋር ትቆሚያለሽ?» አልኳት። «ሴቶቹ ሲጫወቱ ከዳባት ጋር። ወንዶቹ ሲጫወቱ ማድ ቤት።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13፣ ማታ

2 ለ 1። አሸነፍን። ወይም አሸነፍን ተባለ።

ዳባቶች በሁለት አይሱዙና በሚኒባስ መጡ። ከበሮ ይዘው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችም ነበሩባቸው። ሜዳው ወደ ገደሉ በኩል ያዘነብላል፤ ከረፍት በኋላ ቁልቁል የተጫወትነው እኛ ነን። ሳንቲም ወጥቶልን ነው። ዳባቶች ግን ይህንንም መዝግበውታል።

መጀመሪያ ሴቶቹ። ዳባት 3 ለ 1። የሜዳው ዙሪያ ገና አልሞላም ነበር። የዳባቷ አማካይ ኳስ ስትይዝ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው፤ እግሯን አታይም። ከወንዶቹ እንዲህ የሚጫወት አላየሁም።

ከዚያ ወንዶቹ። ዳባት በፍጹም ቅጣት ምት ቀደመ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ሪጎሬ ነው የሚሉት። ለረፍት ሳይወጡ ከኮርና አቻ ሆንን። ከረፍት በኋላ መገፋፋት ብቻ፤ የረባ ኳስ የለም። ወደ ሰባኛው ደቂቃ ጉሙ።

ድንገት ነው የመጣው። መጀመሪያ የማዶው ጎል ቋሚ ጠፋ፣ ቀጥሎ በረኛቸው። ዳኛው አላቆመም። በቀኝ በኩል የእጅ ውርወራ አገኘን። ወርዋሪያችን ክንዱ ጠንካራ ነው፣ ከመስመር እስከ ጎሉ አፍ ያደርሳል። ኳሷ ጉሙ ውስጥ ገባች። ከዚያ ጩኸት፤ መጀመሪያ ከጎሉ ጀርባ የነበሩት፣ ቀጥሎ እኛ። ዘጠኝ ቁጥር በቴስታ። ረዳት ዳኛው ባንዲራውን ሰቅሏል። ዳኛው ሄዶ አነጋገረው። ተመልሶ ወደ መሀል አመለከተ።

እኔ መሀል መስመር ላይ ነበርኩ። አላየሁም። አብሮኝ የቆመውም አላየም፤ «ማን አገባ?» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው። ማታ ሻይ ቤት ግን ዘጠኝ ቁጥር እንዴት እንደዘለለ ቆሞ ሲያሳይ አገኘሁት። ውሸት አልለውም። ሲነገረው አምሽቶ ያየው ሳይመስለው አልቀረም።

ጨዋታው ሲያልቅ የዳባት ልጆች ዳኛውን ከበቡት። አንድ የእኛ ሽማግሌ በትራቸውን አግድም ይዘው መሀል ገቡ። ጠብ አልሆነም። ዳባቶች ከበሮውን ሳይመቱ ተሳፈሩ። ይህ ከበደኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 14

ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳይቀር ሙግት። የእኛው ሰው፣ «ኦፍሳይድ ነበር፣ እውነቱን እንናገር» አለ። ጎረምሶቹ ተቆጡት። ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ደግሞ እንደ ልማዳቸው የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አነሱ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። በሬዲዮ ነው የሰሙት። «ሳናየው አላመንንም እንዴ? አምነናል!» አሉ። ጎረምሶቹ ሳቁ። ነገሩ ግን አብሮኝ ዋለ። ያ ትውልድ ትልቁን ድሉን በጆሮው ነው ያገኘው።

ከሰዓት አማቼ ከዳባት ደወለ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም።

«አየሃት?»

«አላየኋትም።»

«ታዲያ እንዴት ጎል ናት ትላለህ?»

«ዳኛው ነው ያለው፣ አያ።»

«እሱስ አየ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ሴቶቹ 3 ለ 1 አንድም ቃል አላነሳም። የራሳቸው ድል ነው እኮ። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ ይህንኑ ጠየቀችው። «እሱማ አሸንፈናል» አለና ወደ ጎሏ ተመለሰ።

ማታ ዲኤስቲቪ ቤት። መቀመጫ የለም፣ ቆሜ አየሁ። ማንችስተር ሲቲ በአስቶን ቪላ 2 ለ 0 ሲመራ ሊቨርፑሎች ወንበር ላይ ወጥተው ነበር። ከዚያ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጎል። ጉንዶጋን፣ ሮድሪ፣ ደግሞ ጉንዶጋን። ሲቲ በ93፣ ሊቨርፑል በ92። አርሰናሎች ኤቨርተንን 5 ለ 1 አሸንፈው አምስተኛ፤ ሻምፒዮንስ ሊግ የለም። ጥጉን ይዘው ዝም አሉ።

እያንዳንዷ ጎል ሦስት አራት ጊዜ ተደገመች። ከጎን፣ ከላይ፣ ከበረኛው ጀርባ። ተከራካሪ የለም፣ ሁሉም አይቶ ጨርሷል። የእኛዋን የሚደግምልን ከየት ይመጣል? ግን ብትደገም ኖሮ እስከ ዛሬ ማታ ማን ያወራላት ነበር?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 16

የስፖርት መምህሩ ሕጉን ይዞ ሻይ ቤት መጣ። ፎቶ ኮፒ ነው፣ ጠርዙ ያለቀ። አሥራ ሰባቱ የእግር ኳስ ሕጎች። አሥራ አንደኛውን ጮክ ብሎ አነበበ። ኳስ በቀጥታ ከእጅ ውርወራ፣ ከኮርና ወይም ከመልስ ምት የደረሰው ተጫዋች የትም ይቁም የት ኦፍሳይድ የለበትም።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። የባጃጅ ሹፌሩ አንድ ዙር ሻይ በእኔ አለ። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ረዳት ዳኛው ባንዲራ ያነሳው ሕጉን ረስቶ ነው፣ ዳኛው አስታወሰው፣ ጎሏ ጎል ናት።

ከዚያ ከጥግ ፀጉር አስተካካዩ፣ «በቀጥታ ከደረሰው አይደል የሚለው? ስድስት ቁጥርስ?»

ስድስት ቁጥር ከዘጠኝ ፊት ዘሏል። ይህን ብዙ ሰው ይስማማበታል። ከነካት፣ ውርወራው እዚያ አለቀ፤ ኦፍሳይድ የሚለካው እሱ ከነካበት ቅጽበት ነው። ዘጠኝ ያኔ ከተከላካዮቹ ጀርባ ነበር። ይህንንም ብዙ ሰው ይስማማበታል።

መምህሩ ወረቀቱን አጠፈ። «ከነካ ጎሏ የለችም። ካልነካ አለች» አለ። ሌላ አልጨመረም። ሻዩ ተጠጣ። ማንም ስለ ሕግ አላወራም ከዚያ በኋላ፤ ወሬው ሁሉ ስለ አንድ ልጅ ፀጉር ሆነ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። መብራት ጠፋ። ቆርቆሮው ሲጮህ ልጆቹ ጆሯቸውን ያዙ። ስለ ኳስ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም። ደኅና ቀን።

ዓርብ፣ ግንቦት 19

ስድስት ቁጥር የጎረቤታችን ልጅ ነው። አመሻሹ ላይ ባትሪ ሊዋስ መጣ። አልጠየቅኩትም። በሩ ላይ ቆም ብሎ ራሱ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ፀጉሬን የነካችኝ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ነፋስም ሊሆን ይችላል። ስወርድ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ እዚህ ጋ።» ከግንባሩ ከፍ ብሎ ነካ። ፀጉሩ አጭር ነው። «ደግሞ ጉሙም እርጥብ ነበር።»

ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ እስከ ዛሬ እሱን የጠየቀው የለም። ዘጠኝን ይጠይቃሉ፣ መምህሩን ይጠይቃሉ። እሱን ያዩት እንደሆነ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ። ምናልባት መልሱን አይፈልጉትም።

ላውራ? ለማን? ለአማቼ ብነግረው ነገ ዳባት ገበያ ላይ «አመነ» ይሆናል። ልጁ ግን አላመነም፤ መሰለኝ ነው ያለው። «ለማንም አልናገርም» አልኩት። «ንገራቸው ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አለኝ። ባትሪውን ይዞ ሄደ።

አሁንም እያሰብኩ ነው።

እሁድ፣ ግንቦት 21፣ ዳባት

የማርያም ዝክር የባለቤቴ ቤተሰቦች ቤት። ታሪፉ ጨምሯል፣ ሾፌሩ በቤንዚን ያሳብባል። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ወቅን ላይ ዝናብ ያዘን፣ ከወቅን ወዲህ ፀሐይ።

ገና ሳልቀመጥ ጀመሩኝ። አማቼ፣ ጎረቤቶች፣ ከጠላው ጋን አጠገብ የነበረ አንድ ወጣት መምህር። ትናንት ማታ ሪያል ማድሪድ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊጉን ዋንጫ ወስዷል፣ ጨዋታው ራሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው የጀመረው፤ የቪኒሲየስን ጎል፣ የኩርቱዋን ማዳን ያወራል ብዬ ነበር። ማን ያውራው።

እነሱ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ለእነሱ ጥያቄው ኦፍሳይድ አይደለም፣ ጉሙ ነው። በረኛቸው ኳሷን ያያት ከጀርባው ስትወጣ ነው ይላሉ። ዳኛ ማየት ካልቻለ ጨዋታ ማቆም ይችላል፣ ይህም በሕጉ አለ፣ መምህሩ ቁጥሩን ሳይቀር ጠራ፤ አምስተኛው። ያዳመጥኩት እየተናደድኩ ነበር፣ ስጨርስ ግን ግማሹን ተቀበልኩ። እኛ ቁልቁል ስንጫወት ነው ጉሙ የመጣው። ሽቅብ ብንሆን ኖሮ ያቁሙ ብለን የምንጮኸው እኛ ነን።

ስለ ስድስት ቁጥር አልተናገርኩም። አፌ ላይ ነበር።

ከዚያ ከበሩ በኩል የተቀመጠ አንድ ሰው፣ «ዋናውን ተዋችሁት» አለ። «ዘጠኝ ቁጥሩ ከየት መጣ? ባለፈው ዓመት ያ ልጅ ደባርቅ ነበር? መልቀቂያ አለው?»

ብዙዎቹ አጉረመረሙ፣ አዎን የሚል ነው። ልጁ ተፈናቃይ ነው፣ ከሊማሊሞ በታች የመጣ፣ አልኩ። ተማሪ ነው። መልቀቂያ የሚጽፍለት ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ ነው የመጣው፤ በምስክርና በቀበሌ ደብዳቤ ተመዘገበ። «እሱ ያሳዝናል፤ ግን ውድድር ውድድር ነው» አለ ሰውየው። «ነገ ሁሉም ጥሩ ተጫዋች ፈልጎ ተፈናቃይ ነው ቢልስ?» ክፉ ሰው አይደለም። ጥያቄውም ባዶ አይደለም።

የባለቤቴ አክስት ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ቢላዋውን አላቆሙም።

«ባለፈው ነሐሴ እኛስ የት ነበርን?»

በጦርነቱ ብዙ ሰው ያለቀበት ጭና ከዚህ ሩቅ አይደለም። ቤት ውስጥ ከነበሩት ጥቁር ያላወለቁ አሉ። ማንም አልመለሰም። አማቼ ጠላ ቀዳ። ወሬው ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ዞረ፣ እዚያው ቆየ።

ስንመለስ ባለቤቴ መኪና ውስጥ፣ «አክስቴ ኳስ አይተው አያውቁም» አለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 23

ዘጠኝ ቁጥር ሜዳው ዳር ታኬታ ሲሰፋ አገኘሁት። ታኬታው የሌላ ተጫዋች ነው፣ እሁድ እሁድ ይለዋወጣሉ። የግራው አፍንጫ ተከፍቷል። በወፍራም መርፌና ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር ነው የሚሰፋው፤ ክሩን በአፉ እያረጠበ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እያሳለፈ፣ ጫፉን በድንጋይ መታ መታ አድርጎ ያስተኛዋል። ነጭ ክር ጥቁር ቆዳ ላይ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ስለ ጎሏ አላወራም። ያወራው ስለ አባቱ ነው። ታች ማሽላ መዝሪያው ደርሷል፣ አባቱ መሬቱ ጦም አያድርም ይላሉ። እናቱ መንገዱን ይፈራሉ። ቤቱ ምን እንደመሰለ ሄዶ ያየ ጎረቤት ቆርቆሮው የለም ብሎ ነግሯቸዋል። ልጁ የማንን ወገን እንደያዘ አልተናገረም።

ከዚያ ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ «ለመልሱ ጨዋታ ዳባት ላይ አትጫወትም ይሉኛል?» አለ።

«አላውቅም።»

«መዝገብ ላይ ስሜ አለ እኮ። አስተማሪዎቹ ይጠሩኛል።»

ይህን ሲል ድምፁ ጨዋታ የሚናፍቅ ልጅ ድምፅ አልነበረም። እኔ እስከ ዛሬ ክርክሩን የምወደው ለክርክሩ ብዬ ነበር። ዛሬ ደስ አላለኝም። ሰው ስለ ፀጉርና ስለ ጉም ይከራከር፣ እስከ ፍልሰታ ይከራከር። ስለዚህ ግን አይከራከር። ማታ ሻይ ቤት ይህንኑ ተናገርኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰው ዞሮ አየኝ። ፀጉር አስተካካዩ፣ «እኛ መቼ ተከራከርን፣ ዳባቶች ናቸው» አለ። እውነቱን ነው። ግን ልጁ መጀመሪያ ሲመጣ ለቡድኑ ይመረጥ አይመረጥ ሲባል ይኸው ሻይ ቤት ምን ይባል እንደነበር አልረሳሁም። «የእኛን ልጅ ቦታ ይዞ» ተብሏል። አሁን ሁሉም የእኛ ይለዋል። ጎል ባያገባስ ኖሮ?

ስለ ስድስት ቁጥር ለመምህሩ ብቻ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ለእኔም ነግሮኛል» አለ።

ሰኞ፣ ግንቦት 29

ትናንት ማላዊ ብሔራዊ ቡድኑን 2 ለ 1 አሸነፈው። ኤሌክትሪክ ቤቱ ሬዲዮ አጠገብ ተሰብስበን ሰማን። ሐሙስ ግብፅ። ተስፋ ያለው ሰው አላገኘሁም።

የሁለቱ ትምህርት ቤት መምህራን ይገናኛሉ ተባለ። ስለ ዘጠኝ። ቀኑ አልታወቀም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 2

ግብፅን 2 ለ 0!

ዳዋ ሆቴሳ፣ ቀጥሎ ሽመልስ በቀለ። ሁለቱም ከረፍት በፊት። ሳላህ የለም፣ ተጎድቷል፤ ቢሆንስ። በሜዳችን ነው የሚባለው ጨዋታ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አላሟላም ተብሎ አገራችን ውስጥ መጫወት አልቻልንም። በሰው አገር ባለሜዳ ሆነን ግብፅን አሸነፍን።

ደባርቅ መንገድ ላይ ወጣ። ባጃጆች ጡሩምባ። ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ወረወሩት፣ አልያዙትም፣ ልጆች አነሱላቸው። «ዛሬስ አየሁ!» ይላሉ። ቴሌቪዥን ፊት ወንበር የሰጣቸው በኦፍሳይዱ ከተቆጡት ጎረምሶች አንዱ ነው።

አማቼ ደወለ። ጩኸት ብቻ፣ ከዚያ ሳቅ። ዳባትም እንዲሁ ሆኗል። ሊዘጋ ሲል፣ «ልጁ ይጫወት ብለናል» አለ።

«እናንተ ናችሁ ያላችሁት ወይስ መምህራኑ?»

«ይጫወት ተብሏል አልኩህ እኮ።»

ከዚህ በላይ አልገፋሁትም። ዛሬ ማታ የማልወደው ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 4፣ ከዳባት መልስ

ዘጠኝ አልተጫወተም። ረቡዕ ዕለት ሄደዋል። አባት፣ እናት፣ ሁለት ታናናሾች፣ እሱ። በጭነት መኪና ላይ፣ በሊማሊሞ ቁልቁል። ታኬታውን ለባለቤቱ መልሷል። እኔ ዛሬ ሜዳው ላይ ነው የሰማሁት። መምህሩ ያውቅ ነበር፣ ልጆቹ ልባቸው እንዳይወድቅ ብሎ እስከ ጠዋት ዝም አለ።

ዝናብ። ሜዳው ጭቃ፣ ኳሷ አትነጥርም። ዳባት 1 ለ 0። በደርሶ መልስ 2 ለ 2።

ከዚያ ሌላ እሳት። ዳባቶች ደባርቅ ሜዳ ላይ አግብተናል፣ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል ይበልጣል፣ አላፊ እኛ ነን። የእኛዎቹ ያ ሕግ ቀርቷል፣ አውሮፓ ውስጥ ዘንድሮ ሻምፒዮንስ ሊጉ ያለ እሱ ነው የተጫወተው። እውነት ነው፣ ቀርቷል። ግን ዳባትና ደባርቅ አውሮፓ ናቸው? ከውድድሩ በፊት የተጻፈ ነገር አለ ወይ ሲባል ሁሉም አዘጋጆቹን አየ፤ አዘጋጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፍጹም ቅጣት ምት ይመታ ተባለ። በዚህ መሀል ጨለመ። አንዱ በረኛ ሌላኛውን ቋሚ አያይም። ለመስከረም ይተላለፍ ተባለ። ሰው በዝናብ ቆሞ አጨበጨበ፤ ለምን እንዳጨበጨበ አልገባኝም፣ እኔም አጨበጨብኩ።

የዳባት ሴቶች ዛሬም አሸነፉ። 2 ለ 0። በደርሶ መልስ 5 ለ 1። የዞኑ ጨዋታ ላይ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ባለቤቴ ዛሬ ማድ ቤት አልነበረችም፤ መስመር ላይ ቆማ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ያቺ አማካይ ሁለተኛዋን ጎል ስታገባ ጭቃው ጉልበቷ ደርሶ ነበር።

አመሻሽ ላይ ያ ስለ መልቀቂያ የጠየቀው ሰው አጠገቤ መጣ። ጃንጥላውን አጋራኝ።

«ልጁ የት አለ?»

ነገርኩት።

«በእኛ ምክንያት አይደለም?»

«ማሽላ ሊዘሩ ነው።»

ዝም ብለን ቆየን። አምኖኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ጾሙ ገብቷል። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም። አንድ የውጭ ድርጅት መኪና አለፈ፣ ቱሪስት መስሎን ተነሥተን ነበር።

መምህሩ ጋር ቁጭ ብለን የመስከረሙን አወራን። ሕጉ ግልጽ ነው ይላል። ፍጹም ቅጣት ምቱ ብቻ ከቀጠለ የሚመቱት ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ላይ የነበሩት ናቸው፤ ዘጠኝ ቢመለስ እንኳ አይመታም። ጨዋታው በሙሉ ከተደገመ ግን ይጫወታል። ዳባቶች ይደገም ብለው ደብዳቤ ጽፈዋል። ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል? አላፊ ነን ሲሉ የነበሩት እነሱ ናቸው። አማቼን ስጠይቀው፣ «ልጁ ሳይኖር ያሸነፍነው 1 ለ 0 አልጣመንም» አለ። ከዚያ ወዲያው፣ «ደግሞ ጉም በሌለበት!» ብሎ ጮኸ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

የእኛ ሻይ ቤት ለሁለት ተከፍሏል። ይደገም የሚሉ፣ አይደገም የሚሉ። የባጃጅ ሹፌሩ አይደገም ነው፤ ዘጠኝ አይመለስም፣ ያለ እሱ ዳባት ሁለተኛ ያሸንፈናል ይላል። ስድስት ቁጥር ከበሩ በኩል ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ይደገም» አለ። ሁሉም ዞሮ አየው። ምክንያቱን አልጠየቁትም።

ከታች ወሬ የለም። ኔትወርክ የለም። በመኪና የመጣ አንድ ሰው ሲያርሱ አይቻቸዋለሁ ብሏል፤ እነሱ ይሁኑ ሌላ ቤተሰብ እርግጠኛ አይደለም።

መምህሩ የመስከረሙን ስም ዝርዝር ጀምሯል። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያዝ አደረገ። «ልጻፈው ወይስ ባዶ ልተወው?» አለኝ። ባዶ ከተወው ሌላ ልጅ መለማመድ ይጀምራል፣ ቡድኑም ይረጋጋል። ከጻፈው ክረምቱን በሙሉ ሰው ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ይከራከራል።

ጻፈው አልኩት። ጻፈው። ዳባቶች መልቀቂያ ይጠይቁ ይሆናል፣ ይጠይቁ።